«ኪሳራ ካስመዘገብኩ ቤቴን ማን ይነካዋል?» የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ብዙ ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ በባንክ የብድር ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ እኖራለሁ፤ ሰው ግን የድሮ ሥራዬን አልረሳልኝም። ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ክፍያ ያቋረጠ ሁሉ ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ ይመጣል። ቡናው እስኪፈላ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ስለ ዝናብ ያወራል፤ ቶናው ላይ ስንደርስ ይፈታዋል። ከፋይሉ ጋር የሚመጣው ወሬ ከዓመት ዓመት አይለወጥም።

«ኪሳራ ላስመዘግብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቤቴን የሚነካው የለም»

ኪሳራ ማስመዝገብ ማለት «ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም» ብሎ ለፍርድ ቤት ማመልከት ነው። ይህን የሚለኝ ብዙውን ጊዜ አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ነው። ባለፈው የመጣውን የጨርቅ ነጋዴ ቨርጂኒያ ያለው ታናሽ ወንድሙ «ጋሼ፣ አንተም ኪሳራ አስመዝግብ፤ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው» ብሎታል። ወንድሙ አልዋሸም። አሜሪካ ውስጥ የኪሳራ ማመልከቻ ፍርድ ቤት ሲገባ፣ የቤት ሽያጭን ጨምሮ አበዳሪዎች የጀመሩት የማስከፈል እርምጃ በአብዛኛው ባለበት ይቆማል። ነገር ግን እገዳው ጊዜያዊ ነው፤ ባንኩ ፍርድ ቤቱን አስፈቅዶ ሽያጩን ሊቀጥል ይችላል። በሕጋቸው ምዕራፍ 13 ያመለከተ ሰው ውዝፉን ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ ይከፍላል፤ መደበኛውን ወርሃዊ ክፍያም ማቋረጥ አይችልም። በምዕራፍ 7 ያመለከተው ደግሞ በግሉ ከዕዳው ነጻ ቢወጣም ቤቱ ላይ ያለው መያዣ አይሰረዝም፤ ካልከፈለ ቤቱ ይሸጣል። ስልኩን ተቀብዬ ወንድሙን ስጠይቀው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሥራ እየሠራ መክፈሉን ነገረኝ። ለታላቁ ሲያወራ ይህችን ዘሏታል።

እኛ ዘንድ ኪሳራ የሚገኘው በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ውስጥ ነው፤ የተጻፈውም ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። በደመወዙ የቤት ብድር የሚከፍል መምህር ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ «ከስሬአለሁ» ብሎ የሚያንኳኳው በር የለም። የጨርቅ ነጋዴው በሩ አለው፤ ግን ከበሩ ወዲያ የሚጠብቀው ንብረቱ ተሰብስቦ፣ ተሸጦ ለአበዳሪዎቹ የሚከፋፈልበት ሥርዓት ነው። ቤቱን በመያዣነት ያስመዘገበው ባንክ ደግሞ ከቤቱ ሽያጭ ቅድሚያ አለው። ሕጉ ከአበዳሪዎች ጋር ተስማምቶ ንግዱን መልሶ የማደራጀት መንገድም አስቀምጧል። በእኔ እይታ ይህ የሚያዋጣው ሱቁ ገና ገበያ እያስገባ ላለ ሰው እንጂ ከዘጋ ዓመት ለሞላው አይደለም።

«ባንክ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቤት መሸጥ አይችልም»

ይችላል። ብዙ ሰው ስኒውን የሚያስቀምጠው እዚህ ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነትን ዋጋ ያሳጣዋል፤ የሽማግሌዎቻችን እምነት ምንጩ ይህ ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን ለባንኮች የተለየ ሥልጣን ሰጠ። ውሉ ላይ ስምምነቱ ካለ (አለ፤ ሳያነብ የፈረመ እንጂ ያልፈረመ ተበዳሪ አላጋጠመኝም) ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል፤ ስመ ሀብቱንም ለገዢው ያዛውራል። በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ከጠፋ፣ ለመጀመሪያው ሐራጅ በወጣው መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል።

ይህ ማለት ባንኩ እንዳሻው ያደርጋል ማለት አይደለም። የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀን መዝግቡ፤ መነሻ ዋጋውንና በማስታወቂያው የወጣውን የቤቱን ስፋት ከካርታው ጋር አስተያዩ። ሽያጩን በፍርድ ቤት አሳግዳለሁ ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ግን ቀን ያስበላል። የጨርቅ ነጋዴው ፖስታ እኔ ዘንድ ሲመጣ አልተከፈተም ነበር። ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ከእንግዳ ሲኒዎቹ ስር ከርሞ የረከቦቱ እግር ክብ ምልክት ትቶበታል። ከ30ው ቀን 19ኙ አልፏል።

«ሱቄ በጦርነቱ ስለወደመ ዕዳው ይሰረዛል»

በ2014 እዚህ የሆነውን እኔም አይቻለሁ፤ ዕቃው አልበቃ ብሎ መደርደሪያው የተነቀለበትን ሱቅ አውቃለሁ። ይህን ላለ ሰው «ሕጉ እንዲህ ይላል» ማለት ከብዶኝ ያውቃል። ይሁንና ሕጉ «ከአቅም በላይ» የሚለው ግዴታን መፈጸም ፈጽሞ እንዳይቻል ያደረገን ድንገተኛ ነገር ነው፤ መክፈልን ያከበደ ሁሉ አይገባበትም። የተዘረፈ ሱቅ የብድር ውልን አያፈርስም። የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው፦ የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ሲጠየቅ ከቀበሌ ማስረጃና ከፎቶግራፍ ጋር የሚቀርብ ጥሩ ምክንያት ይሆናል።

«ብድር ክፍል ከሄድኩ እጄን ሰጠሁ ማለት ነው»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ክፍያ 90 ቀን ሲያልፈው ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ይመደባል፤ ባንኩም ባይከፈል ብሎ መጠባበቂያ ገንዘብ ይይዝለታል። ከዚያ በፊት የሚመጣ ተበዳሪ ለብድር ሠራተኛው እፎይታ ነው፤ የመክፈያ ጊዜው ሊራዘም፣ ወርሃዊው ክፍያ ሊቀንስ ይችላል። ሐራጅ ደርሶም ቢሆን ባንኩን አስፈቅዶ ቤቱን በራስ ገዢ መሸጥ የሚቻልበት ጊዜ አለ፦ ገዢው ዕዳውን ለባንኩ ይከፍላል፣ እግዱ ይነሳል፣ የተረፈው ለባለቤቱ ይሰጣል። በሐራጅ ለተሰበሰቡ ገዢዎች ከመሸጥ ለጎረቤት መሸጥ የተሻለ ዋጋ ሲያስገኝ ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ቁልፉን ካስረከብኩ ነጻ ነኝ» ለሚሉም፦ የሽያጩ ገንዘብ ዕዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ይጠየቃል፤ ከተረፈ ለባለቤቱ ይመለሳል። «በልጄ ስም አዛውረዋለሁ» የሚለው መላ ደግሞ አይሠራም፤ የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።

የጨርቅ ነጋዴው በማግስቱ ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ባንኩ እዚያ ነው። ፌስታሉን ቀይሮ፣ ፖስታውን ከላይ አድርጎ። ማታ ደውሎ ሥራ አስኪያጁ የመጀመሪያ ጥያቄ አድርጎ «እስካሁን የት ነበርክ?» እንዳለው ነገረኝ።