ኮሞዶርና ራስበሪ ፓይ አልግባባ ሲሉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮሞዶር 64 እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ የቤት ኮምፒውተር ነው። ዛሬም ወዳጆቹ ራስበሪ ፓይ ከተባለች መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ጋር ያገናኙታል። ፓይዋ የድሮውን ዲስክ ድራይቭ ትተካለች፣ ወይም ኢንተርኔት ታቀብለዋለች። ግንኙነቱ እምቢ ሲል የሚሰጠው ምክር ግን አንዳንዱ ዕቃ ያቃጥላል። ያ በጣም ያሳዝነኛል።

«ችግር ካለ ጥፋተኛው አሮጌው ነው»

ቶሎ አይፍረዱበት። ሁለቱንም ያጥፉ፣ ፓይዋን ይንቀሉ፣ ኮሞዶሩን ብቻውን ያብሩት። ሰማያዊው ስክሪን መጥቶ 38911 ባይት ነፃ መሆኑን ከነገረዎት አብዛኛው ክፍሉ ደህና ነው። ያኔ በሁለቱ መሃል ያለውን ይፈትሹ።

«ሁለቱም 5 ቮልት ናቸው፣ ሽቦ ለሽቦ ይገናኙ»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ፓይ ኃይል የምትቀበለው በ5 ቮልት ነው፤ እውነት ነው። መልዕክት የሚያልፍባቸው የሲግናል ፒኖቿ (ትናንሽ የብረት እግሮቿ) ግን በ3.3 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ 5 ቮልት አይችሉም። ሰውን የሚያሳስተው፣ ከፓይ ወደ ኮሞዶር ሲላክ መሥራቱ ነው። የድሮዎቹ ቺፖች ከ2 ቮልት ገደማ በላይ ያለውን «1» ብለው ስለሚያነቡ 3.3 ይበቃቸዋል። «ይኸው ሠራ!» ይባላል። በመልሱ መንገድ ግን 5 ቮልት ይመጣና ፒኗን ይጎዳል። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይም ይችላል።

መሃል ላይ 5 ቮልቱን ወደ 3.3፣ 3.3ቱን ወደ 5 የምትቀይር ሌቭል ሺፍተር የምትባል ትንሽ ቦርድ ታስፈልጋለች። እኔ ያለሷ ለሙከራ እንኳ አላገናኝም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የዲስክ ድራይቩ የዳታና የክሎክ (የጊዜ ምልክት) መስመሮች በሁለቱም አቅጣጫ ያወራሉ። ሺፍተሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ትዕዛዝ ይደርሳል፣ መልስ አይመለስም።

«ፓይዋ ከኮሞዶሩ ኃይል ትውሰድ»

የኮሞዶሩ ዩዘር ፖርት (ከኋላው ያለው የተጨማሪ ዕቃ መሰኪያ) በ5 ቮልት የሚፈቅደው 100 ሚሊአምፕ ብቻ ነው። ፓይ 3 ለተባለችው ሞዴል የሚመከረው ፓወር ሰፕላይ 2.5 አምፕ ነው። ጨርሶ አይመጣጠኑም። በዚያ ላይ የኮሞዶሩ ኦሪጅናል ፓወር ሰፕላይ ሲያረጅ 5 ቮልቱን ከፍ አድርጎ የመልቀቅ የታወቀ ችግር አለበት፤ ሚሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። ምንም ከማገናኘትዎ በፊት በቴስተር ይለኩት። ከ5.25 ቮልት በላይ ካሳየ አይጠቀሙበት።

የየራሳቸው ፓወር ሰፕላይ ሲኖራቸውም ግራውንዳቸው (የዜሮ ቮልት መስመራቸው) መገናኘት አለበት። የጋራ መነሻ ከሌለ አንዱ «1» ያለውን ሌላው በትክክል አያነበውም።

«ፊደሉ ከተመሰቃቀለ ፍጥነቱ አልገጠመም ማለት ነው»

በሲሪያል (ዳታውን ቢት በቢት በተራ በሚልክ መስመር) ሲያገናኙ ይህ አንዳንዴ ልክ ነው። የኮሞዶሩ የራሱ ሶፍትዌር የሚሄደው እስከ 2400 ቦድ (ቢት በሰከንድ) ነው፤ ፓይ ላይ የተለመደው 115200 ነው። ግን የስህተቱን መልክ በደንብ ይዩት። ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከተቀያየረ መስመሩ ጤነኛ ነው። ኮሞዶር ፔትስኪ የሚባል የራሱ የፊደል ኮድ አለው፤ ኮዱን የሚቀይር ፕሮግራም ይፈታዋል። ያልጠየቁት ጽሑፍ ከመጣብዎት ደግሞ የፓይዋ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊኑክስ በዚያው መስመር መልዕክቱን እየላከ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ያጥፉት።

ደህና ሲሠራ ቆይቶ ድንገት ከተበላሸስ? ፓይ 3 ከሆነች ብሉቱዙን ይጠርጥሩ። ዋናውን የሲሪያል ክፍሏን ለብሉቱዝ ሰጥታ ለፒኖቹ አነስተኛውን ነው የምትተወው። የእሱ ፍጥነት ከኮር ክሎኩ (ከዋናው ቺፕ የውስጥ የሰዓት ምት) ጋር ሊለዋወጥ ይችላል። ብሉቱዙን በሴቲንግ ፋይሉ ሲያሰናክሉት ዋናው ወደ ፒኖቹ ይመለሳል።

«ፓይዋ ፈጣን ስለሆነች አትዘገይም»

ኮሞዶሩ የሚሄደው በ1 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነው፤ ፓይ 3 በ1.2 ጊጋኸርትዝ። ግን መፍጠን ሌላ፣ ሰዓት ማክበር ሌላ። ሊኑክስ ብዙ ሥራ በየተራ ስለሚያስተናግድ ኮሞዶሩ ሲጠራው ሌላው ጋ ሊሆን ይችላል። ዲስክ በፍጥነት የሚጭኑት የድሮ ፕሮግራሞች ደግሞ ማይክሮሰከንድ ነው የሚቆጥሩት። ፓይ 1541 የተባለው የዲስክ ድራይቭ ማስመሰያ ያለ ሊኑክስ፣ በቀጥታ ፓይዋ ላይ የሚሠራው ለዚህ ነው።

«እንደ ዩኤስቢ እንደበራ ይሰካል»

አይሰካም! ዩዘር ፖርቱ 6526 ከተባሉት ቺፖች ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ የአፍታ ንክኪ ወይም ስታቲክ ይበቃቸዋል። ሁለቱንም አጥፍተው ይሰኩ፣ ከዚያ ያብሩ።