በገበሬ ቤት የሚደረግ የቤተሰብ ዕረፍትና ጉብኝት

በገበሬ ቤት ማረፍ ማለት አንድ ቤተሰብ ሥራ ላይ ባለ እርሻ ለጥቂት ቀናት ከፍሎ በእንግድነት የሚቀመጥበት፣ ወይም ለአንድ ቀን ጎራ ብሎ ከብቱንና አዝመራውን የሚያይበት ልማድ ነው። ጥቂት ፍየሎች ለልጆች መዳበሻ የታሰሩበት መናፈሻም በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል። እርሻ መባል የሚገባው ግን እንግዳ ባይመጣም ላሞቹ ማለዳ የሚታለቡበት ቦታ ነው።

ማን እንደ ጀመረው ያከራክራል። በአሜሪካ የኢተን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1882 በዳኮታ ከብት እርባታቸው እንግዳ በክፍያ መቀበል እንደ ጀመሩ ይነገራል፤ የእንዲህ ዓይነት እርባታዎች ማኅበር የተቋቋመው በ1926 ነው። በፈረንሳይ ገጠሩ ሰው እያጣ በነበረበት ጊዜ ባዶ የቀሩ ቤቶችን አድሶ ማከራየት ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ቤት በ1951 በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በባስ አልፕ አውራጃ ተከፈተ፣ አገር አቀፉ ማኅበር ዢት ደ ፍራንስም በ1955 ተመሠረተ።

ነገሩን በሕግ በማሰር ጣሊያንን የሚያህል አይገኝም። በ1985 የወጣው ሕግ፣ በ2006ም እሱን የተካው አዲሱ፣ እንግዳ የመቀበሉን ፈቃድ ለገበሬ ብቻ ሰጠ፤ እርሻው ዋና፣ መስተንግዶው ተከታይ ሆኖ እንዲቀርም ደነገገ። የትኛው እንደሚያመዝን የሚለካው በተለይ ለእያንዳንዱ በሚወጣው የሥራ ጊዜ ነው። እንግዶቹ ከአሥር ካልበለጡ ግን ምንም ስሌት ሳያስፈልግ እርሻው እንደ ዋና ይቆጠራል። ማደሪያውም በግቢው ቀድሞ የነበረ ሕንፃ ነው፤ ጎተራው ወይም በረቱ ታድሶ መኝታ ቤት ይሆናል እንጂ እርሻው መሃል አዲስ ሆቴል አይገነባም። ገበሬውን ገበሬ አድርጎ ያቆየ ብልህ ሕግ ነው።

የእንግዳው ቀን የሚመራው በእርሻው ሰዓት ነው። ልጆች እንቁላል ይለቅማሉ፤ እናቱ የሞተችበትን ግልገል በጡጦ ያጠባሉ። ዝናብ ያንዣበበ ዕለት ድርቆሹ መግባት ስላለበት ባለቤቱ እንግዳ የሚያጫውትበት ፋታ የለውም።

ጥንቃቄው ቀላል ቢሆንም አይታለፍም። በ2009 በእንግሊዝ ሰሪ አውራጃ ጎብኚ በሚቀበል አንድ እርሻ የተነሳ፣ ከእንስሳት እዳሪ የሚተላለፈው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ወረርሽኝ 93 ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ አሳምሟል። እንስሳ ከነኩ በኋላ እጅን በውኃና በሳሙና መታጠብ ግድ ነው፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል አይተካውም። ነፍሰ ጡሮች በጎች ከሚወልዱበት በረት እንዲርቁ ይመከራል። ልጅን ትራክተር ላይ ማፈናጠጥም ከልግስና አይቆጠርም፤ በብሪታንያ 13 ዓመት ላልሞላው በሕግ የተከለከለ ነው።