ስለ ኤሊኖር ኦስትሮምና ስለ ጋራ ሀብት የሚባለውና እውነታው

(ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የጋራ የሆነ የማንም አይደለም፤ መጥፋቱ አይቀርም።»

ይህን እምነት ያስፋፋው አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ምሁር ጋሬት ሃርዲን በ1968 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጽሑፍ ነው። በጋራ ግጦሽ ላይ አንድ ከብት የጨመረ እረኛ ትርፉን ብቻውን ይወስዳል፣ ጉዳቱን ግን ሁሉም ይካፈለዋል፤ ስለዚህ መስኩ ያልቃል አሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሊኖር ኦስትሮም ይህን እንዲሁ አልተቀበሉም፤ ሰዎች በእርግጥ ምን እንደሚያደርጉ መረመሩ። በስዊዘርላንዷ ተርበል መንደር የ1517 ደንብ፣ ማንም ሰው በብርዱ ወራት ቀልቦ ከሚያከርመው በላይ ላም ወደ ተራራው ግጦሽ መስደድን ይከለክላል። ግጦሹም ለዘመናት የጋራ ሆኖ ቆየ። ሃርዲን ራሳቸው ኋላ ላይ «የጋራ ሀብት» ከሚለው ፊት «አስተዳዳሪ ያጣ» የሚለውን ቃል መጨመር እንደነበረባቸው አምነዋል።

ለእኛማ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር መሬት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ በራሱ ደንብ ጠብቋል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ እስኪደርስ ቦታው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ደንብ የጣሰም ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱን ያናጋው የ1975 የመሬት አዋጅ እንጂ የገበሬው ስስት አይደለም። ይህ ሳይነገር «የጋራ መሬት አይጠበቅም» ሲባል ስሰማ ያንገበግበኛል።

«ኦስትሮም የኢኮኖሚክስ ምሁር ነበሩ።»

የተማሩት ፖለቲካል ሳይንስ ነው። በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ለመማር ሲያመለክቱ ሒሳብ ይጎድልዎታል ተብለው አልተቀበሏቸውም። በ2009 ግን ከኦሊቨር ዊሊያምሰን ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ተሸለሙ፤ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

«መንግሥት አያስፈልግም ብለዋል።»

አላሉም። የ1965 የዶክትሬት ጥናታቸው ስለ ሎስ አንጀለስ የከርሰ ምድር ውሃ ነበር። ውሃው ከመጠን በላይ ስለተሳበ የባሕር ጨው እየገባበት ነበር። ተጠቃሚዎቹ ተደራድረው ተስማሙ፤ ስምምነቱን ያጸናው ግን ፍርድ ቤት ነው።

«ማኅበረሰብ ሁልጊዜ ይሳካለታል ብለዋል።»

በ1990 ያሳተሙት መጽሐፍ የከሸፉትንም ይዟል። በቱርክ ቦድሩም መረብ ጎታች ትልልቅ ጀልባዎች፣ ትናንሽ አጥማጆችና ቱሪስት የሚያመላልሱ ጀልባዎች በአንድ ውሃ ላይ ተሻሙ። ማን፣ የት፣ መቼ ያጥምድ በሚለው ላይ አልተስማሙም፤ ዓሣውም ተመናመነ።