ኮሮና ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ የት ገባ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን ተገኘ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ታክሲ በግማሽ ወንበር እንዲጭን ታዘዘ፣ ማስክ ግዴታ ሆነ። በዚያው ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ከባዱ ጉንፋን በብዙ አገሮች ጠፋ ማለት ይቻላል። ስለዚያ ክልከላና ስለ ጉንፋን ድሬዳዋ ውስጥ፣ ቀፊራ ገበያም ይሁን ከዚራ ቡና ላይ፣ ዛሬም የሚወራው ብዙ ነው። አንዳንዱ ወሬ ሕፃናትን ስለሚጎዳ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

«ኢንፍሉዌንዛ አልጠፋም፤ ስሙን ቀይረው ኮሮና አሉት»

ምርመራው አልቆመም ነበር። በአሜሪካ ከ2020 መጸው እስከ 2021 ጸደይ (እ.ኤ.አ.) ለኢንፍሉዌንዛ ከተመረመረው ከ8 መቶ ሺህ በላይ ናሙና ቫይረሱ የተገኘበት 0.2 በመቶው ብቻ ነው። ያማጋታ የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ ቢ ዘር ደግሞ ከመጋቢት 2020 ወዲህ መኖሩ አልተረጋገጠም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ከክትባቱ ውስጥ መካተቱ አስፈላጊ አይደለም አለ። የስም ለውጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱም ከሌሎቹ ጋር ይመለስ ነበር።

«ክልከላው ቢሠራ ኖሮ ኮሮናንም ያጠፋው ነበር»

ይህን የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ያለው በሒሳቡ ላይ ነው። አንድ የኢንፍሉዌንዛ ታማሚ በአማካይ የሚያስይዘው ከአንድ ሰው ትንሽ በለጥ ያለ፣ 1.3 አካባቢ ነው። የመጀመሪያው ኮሮና ግን ከ2 እስከ 3 ሰው ያስይዝ ነበር፤ ማንም ቀድሞ አልያዘውምና የሚከላከለውም አልነበረም። አሁን የሰዎች መገናኘት በግማሽ ቀነሰ እንበል። የኢንፍሉዌንዛው 0.65 ይሆናል፤ አሥር ታማሚ ስድስት ሰባት ያስይዛል፣ እነሱ አራት፣ እያለ ይከስማል። የኮሮናው 2.5 ቢሆን ወደ 1.25 ይወርዳል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ መስፋፋቱን አያቆምም። ያው ክልከላ አንዱን አጠፋ፣ ሌላውን አዘገየ። በዚያ ላይ ኢንፍሉዌንዛ በሰሜኑና በደቡቡ የዓለም ክፍል መካከል የሚዘዋወረው በመንገደኛ ነው፤ ድንበርና በረራ ሲዘጋ መንገዱ ተቆረጠ።

«ማስክና ቤት መቀመጥ የልጆቻችንን የመከላከል አቅም አዳከመው»

እናቶችን በጸጸት የሚያንገላታው ይህ ነው። አቅሙ አልደከመም። አር.ኤስ.ቪ የሚባለውን የሕፃናት ቫይረስ ውሰዱ፦ ሁሉም ልጅ ማለት ይቻላል ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይይዘዋል። በክልከላው ጊዜ ሳይዛቸው ያለፉት ልጆች በኋላ ከተወለዱት ጋር አንድ ላይ ታመሙ። እናቶችም በቅርብ ስላልያዛቸው በእርግዝና ለልጃቸው የሚያስተላልፉት መከላከያ አነሰ። ለዚህ ነው በአውስትራሊያም በአሜሪካም በሽታው ያለ ወቅቱ፣ በበጋቸው፣ የተነሣው። የታመመው ልጅ ቁጥር በአንድ ጊዜ በዛ እንጂ የእያንዳንዱ ልጅ ሰውነት ከድሮው አልደከመም። ለብዙ ሕፃናት ደግሞ መዘግየቱ ራሱ ጥቅም ነበር፤ አር.ኤስ.ቪ ክፉኛ የሚጎዳው ከስድስት ወር በታች ያሉትን ነውና።

«ሳኒታይዘር ሁሉንም ይገድላል»

አይገድልም። ተራውን ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖ ቫይረስ እንደ ኮሮናና ኢንፍሉዌንዛ የቅባት ሽፋን ስለሌለው አልኮል ብዙም አያሸንፈውም። በብዙ አገሮች በክልከላው መሀል እንኳ ጨርሶ ያልጠፋው፣ ትምህርት ቤት ሲከፈትም ቀድሞ የተመለሰው እሱ ነው። ያኔ በየሱቁ ደጃፍ የነበረው ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ለእሱ ይሻላል።

«ጉንፋን የብርድ ነው፤ ድሬ ሙቀት ስለሆነ አያሰጋም»

በሞቃት አገሮችም ኢንፍሉዌንዛ አለ፤ አንዳንዱ ቦታ በዝናብ ወራት፣ ሌላው ቦታ ዓመቱን ሙሉ። ለቫይረሱ የሚመቸው የታፈነ አየር ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ወርዶ፣ አሥር ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ሲጫወት ውጭ ያለው ሙቀት ምንም አይረዳም። መስኮቱን መክፈት ይረዳል።

«ትኩሳት ሁሉ ጉንፋን ነው»

ድሬ ላይ ይህ አደገኛ ነው። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ ከተማውን ያመሰው ቺኩንጉንያ ነበር፤ ዴንጌም አለ። ሁለቱም በወባ ትንኝ ዘመድ፣ ውኃ በሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ በሚራባ ትንኝ ይተላለፋሉ። ማስክ አያስቆማቸውም፤ በርሜሉን መክደን ነው።

«ያለ ወቅቱ የመጣ ጉንፋን አሞክሳሲሊን ይፈልጋል»

ቫይረስን አንቲባዮቲክ አይገድለውም። የሳንባ ምች መሆን አለመሆኑን የሚለየው የጤና ባለሙያ ነው። ልጁ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ወይም ጡት አልጠባም የሚል ከሆነ፣ ወሩ ምንም ይሁን ምን፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ተቋም ውሰዱት።