የአቻ ግምገማ ምንድን ነው? የሱቅ ድረ ገጽ ከመለቀቁ በፊት ማን ይየው?

የአቻ ግምገማ ማለት የሠራችሁትን ሥራ ለሙያ እኩያችሁ አሳይታችሁ ጉድለቱን እንዲነግራችሁ መጠየቅ ነው። ሰውየው አለቃችሁ አይደለም፤ ከፋዩም አይደለም። እንደ እናንተው ኮድ የሚጽፍ ወይም ዲዛይን የሚሠራ ሰው ነው። ልማዱ የቆየ ነው። የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባለሙያ ማይክል ፌገን ኮድን በቡድን ተቀምጦ የመፈተሽን ሥርዓት በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ዛሬ ብዙ የሶፍትዌር ድርጅቶች ሁለተኛ ሰው ሳያየው ኮድ አይለቁም።

ጅማ ላይ ግን የአንድ ሱቅ ድረ ገጽ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ሠሪው አንድ ሰው ነው። ዲዛይኑም፣ ኮዱም፣ ፎቶውም፣ ጽሑፉም የእሱ ነው። ለጓደኞቹ ሊንኩን በቴሌግራም ሲልክ የሚመጣለት መልስ ይታወቃል፤ «አሪፍ ነው»፣ «በርታ»። ከልብ የመጣ ነው፤ ግን ከእሱ ተነስቶ የሚስተካከል ነገር የለም። ሰው በይሉኝታ ዝም ያለውን ስህተት በኋላ ደንበኛው ያገኘዋል። ደንበኛው ደግሞ ምንም ሳይናገር ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። «እንዴት ነው?» ብሎ ለጠየቀ «ቆንጆ ነው» ተብሎ ይመለስለታል። ጅማ ውስጥ ሄርማታ አካባቢ በርጩማና ወንበር የሚሸጥ አንድ ሱቅ እንውሰድ። ሠሪው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅስ? «አንድ ሰው ከስልኩ ገብቶ የባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ዋጋ አይቶ እስኪያዝ ድረስ የት ላይ ይቸገራል?» አሁን ተመልካቹ የሚፈልገውን ያውቃል። ቢቸገር የተቸገረበትን ቦታ መናገር ስድብ አይሆንበትም፤ የተጠየቀውን መመለሱ ነው።

ዲዛይኑ ላይ አቻ ቶሎ የሚያያቸው ነገሮች አሉ። አንዱ የቀለም ነገር ነው። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ ጽሑፍ ቤት ውስጥ ይነበባል፤ መርካቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስልኩን ለሚያይ ሰው ግን ይጠፋል። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በጽሑፉና በጀርባው መካከል ቢያንስ የ4.5 ለ1 የቀለም ንጽጽር ይጠይቃል። ሌላው ፎንት፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ ነው። የመረጣችሁት ፎንት የግእዝ ፊደል ከሌለው ስልኩ በራሱ ሌላ ይተካበታል። በእናንተ ኮምፒውተር ያማረው ገጽ በሌላ ሰው ስልክ ሌላ መልክ ይይዛል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት አብሮ መጫን ይህን ይፈታል። ጅማ ላይ ደግሞ ገጹ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መሆኑ ተገቢ ነው። በቁቤ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ከአማርኛው ይረዝማል። በአማርኛ ልክክ ያለው በተን (የሚነካው ሳጥን) ቋንቋው ሲቀየር ጽሑፉን ሊቆርጠው ይችላል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ ሰው ቢያየው ወዲያው ያሳያችኋል።

የአቻን ጥቅም ለማሳየት የሰዓቱ ነገር ብቻውን ይበቃል። ከውጭ የመጣ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የገጽ ንድፍ) ላይ «ከ9:00 እስከ 6:00» ተብሎ የሥራ ሰዓት ይቀመጣል። የእኛ ሰው ይህን ሲያነብ ሱቁ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት የሚከፈት ይመስለዋል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ጣጣ የለውም።

ኮዱ ጋ ስንመጣ የትእዛዝ ቅጹን በቅርብ እንየው። ሠሪው የስልክ ቁጥር በ09 ካልጀመረ እንዳይቀበል አድርጎ ጽፏል። ራሱ ሲሞክረው ይሠራል፤ የእሱ ቁጥር በ09 ይጀምራላ! ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን በ07 የሚጀምር ቁጥር ያለው ሰው ብዙ ነው። በ+251 የሚጽፍም አለ። እነዚህ ሁሉ «የተሳሳተ ቁጥር» ተብለው ይመለሳሉ። ባለሱቁ ገበያው ቀዘቀዘ ይላል እንጂ ጥፋቱ አንዲት መስመር ኮድ ላይ መሆኑን በምን ያውቃል? ባለ 07 የሆነ አቻ ግን አንዴ ሲሞክር ያገኘዋል።

ከዚህ የሚብሰው ዋጋ ነው። የዕቃው ዋጋ ከደንበኛው ብራውዘር ተልኮ ሰርቨሩ (ድረ ገጹ የሚሠራበት ኮምፒውተር) እንዳለ የሚያምነው ከሆነ፣ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን ቀይሮ ማዘዝ ይችላል። ሰርቨሩ የዕቃውን መለያ ብቻ ተቀብሎ ዋጋውን ከራሱ ዳታቤዝ ማውጣት አለበት። ሌሎቹ ቀለል ያሉ ናቸው፤ ከካሜራ እንደወጣ ሳይቀነስ የተጫነ ከባድ ፎቶ፣ ሲነካ የማይደውል የስልክ ቁጥር። የፍጥነቱን ችግር ክሮም ብራውዘር ውስጥ ያለው ላይትሀውስ የሚባል መፈተሻ ራሱ ይነግራችኋል። ሰውን በእሱ አታድክሙት።

ኮዱን ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ግን የይለፍ ቃሎችን፣ የክፍያ ቁልፎችን (ገጹን ከክፍያ አገልግሎት ጋር የሚያገናኙ ምስጢራዊ ኮዶችን) እና የደንበኞችን ስልክ ከውስጡ አውጡ። ኮድ በሚቀመጥበት ጊትሀብ ላይ አንዴ ከወጣ ፋይሉን ማጥፋት አያድንም፤ የለውጦቹ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ቁልፉ ራሱ መቀየር አለበት።

አቻ ከየት ይገኛል? ጅማ በዚህ አትታማም። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት ኪቶ ፉርዲሳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚማር ወጣት አለ። ሁለት ሠሪዎች ተስማምተው አንዱ የሌላውን ሥራ ቢያይ ገንዘብም አይጠይቅም። አቻ ግን ተጠቃሚን አይተካም። ኮድ የማያውቅ ሰው ስልኩን ይዞ በርጩማውን ሲፈልግ ዝም ብሎ ማየትም ያስፈልጋል። የአጠቃቀም ባለሙያው ያኮብ ኒልሰን 5 ሰው ማየት አብዛኛውን ችግር ያወጣል ይላል። ያኔ «እዚህ ጋ ንካው» አትበሉ። በጣም ይከብዳል፤ ግን አፋችሁን ያዙ።

አስተያየት ሰጪውም ድርሻ አለው። «ዲዛይኑ ደስ አይልም» ቢል ሠሪው ምን ያድርገው? «ስልኬ ላይ የማዘዣው በተን ከታች ተቆርጧል» ቢል ግን እዚያው ይስተካከላል። የግድ መስተካከል ያለበትንና የራሱን ምርጫ ለይቶ ቢናገር ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው። የዋጋው ቀዳዳ የግድ ነው፤ ቡኒው አረንጓዴ ቢሆን ማለት ምርጫ ነው።

ካስተካከላችሁ በኋላ ለዚያው ሰው መልሱለት። ያልተቀበላችሁትንም ከነምክንያቱ ጻፉለት፦ «የ07ቱን አስተካክያለሁ፣ ሞክርልኝ። ቡኒውን ግን አልቀየርኩትም፤ የሱቁ ታፔላ ቀለም ነው።»