መስኮቱን ክፈቱት! «ብርድ መታኝ» እና ሌሎች የኅዳር ወሬዎች

ከኅዳር እስከ ጥር ደሴ ላይ የተመላላሽ ክፍላችን ወረፋ ይረዝማል። ወንበሩ ላይ ከሚቀመጠው ሰው ግማሹ የሚጀምረው «ሲስተር፣ ብርድ መታኝ» ብሎ ነው። የት መታህ? «ቅዳሜ ማታ ኳስ አይቼ ስወጣ።» ውስጥ ሰው ነበር? «ኧረ ጢም ብሎ!» መስኮቱስ? «በዚህ ውርጭ ማን ይከፍታል?»

መልሱን ራሱ ነገረኝ፤ ግን ጥፋተኛው ውጭ ያገኘው ብርድ ነው ብሎ ያምናል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከሚያስል ጎረቤቱ ጋር አንድ አየር ሲተነፍስ ማምሸቱ ትዝም አይለው። ይኼን ወሬ መስማት ሰልችቶኛል።

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ራይኖቫይረስ የሚባለው ብቻ ከ100 በላይ ዓይነት አለው። ቫይረሱ ከሌለ ጋቢ ሳትለብሱ ጦሳ ተራራ አናት ላይ ብታድሩ ትንቀጠቀጣላችሁ፣ ከዚያ የባሰም ሊያገኛችሁ ይችላል። ጉንፋን ግን አይዛችሁም። ይኼ የእኔ ግምት አይደለም። እንግሊዞች ሳልስበሪ ከተማ አጠገብ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1946 የጉንፋን ምርምር ማዕከል ከፍተው ነበር። በጎ ፈቃደኞችን ገላቸውን አስታጥበው፣ እንደረጠቡ ነፋስ የሚገባበት ኮሪደር ላይ አቆሟቸው። ብርዱ ብቻውን ጉንፋን አላመጣም።

ብርድ ምንም እጅ የለበትም ማለቴ ግን አይደለም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ላይ አንዳንድ ቫይረሶች፣ በተለይ የኢንፍሉዌንዛው፣ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። የቀዘቀዘ አፍንጫም መከላከሉ ይዳከማል። ዋናው ጥፋቱ ግን ሌላ ነው፤ ሁላችንንም ሰብስቦ አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋብናል።

እስቲ ኳስ ቤቱን አስቡት። ከምሽቱ 2:30 ጨዋታ አለ። አግዳሚው ሞልቷል፣ የቆመም አለ። በሩ ላይ መጋረጃ ተጥሏል። ሰው ዝም ብሎ ሲተነፍስም ከአፉና ከአፍንጫው ደቃቅ ጠብታ ይወጣል፤ ሲያወራ ይጨምራል፤ ሲጮህ ደግሞ በጣም ይበዛል። ጎል ሲገባ ቤቱ ሁሉ ባንዴ ይጮሃል። ትላልቁ ጠብታ ቶሎ ይወድቃል። ደቃቁ ግን አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። መስኮት ከሌለ የት ይሂድ? ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። ስለዚህ «የሚያስል ሰው አጠገቤ አልነበረም» የሚለው ክርክር አያዋጣም።

በ1950ዎቹ፣ አሁንም በፈረንጆቹ ነው፣ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ሐኪሞች ከሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ወደ ሌላ ክፍል ላኩት። እዚያ ጊኒ ፒግ የሚባሉ እንስሳት ነበሩ። ሕሙማኑን አልነኩም፣ ዕቃቸውንም አልተጋሩም፤ ያገኙት አየሩን ብቻ ነው። ከእንስሳቱ መካከል በሽታው የያዛቸው ነበሩ።

የአጎቴ ልጅ ኳስ የሚታይበት ቤት አለው። መስኮት ክፈት ስለው «እታለም፣ ደንበኛ ይሸሸኛል» ይለኛል። ስንጨቃጨቅ ከርመን በመጨረሻ ተስማማን። ከላይ ያለችው ትንሿ መስኮት ጨዋታው እስኪያልቅ ክፍት ትሆናለች። በእረፍት ሰዓት ደግሞ በሩም መስኮቱም ወለል ይላል። ደንበኛው አጉረመረመ፣ ጋቢውን ደረበ፣ ቁጭ አለ። አልሸሸም። እናንተም ቤታችሁ ሰው ስትሰበስቡ፣ ለበርጫም ይሁን ለቡና፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ገርበብ አድርጉ። አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይውጣ። ብርዱን በልብስ መከላከል ይቻላል። ጋቢ የተሠራው ለምን ሆነና?

ኮምቦልቻዎች የራሳቸው አላቸው፤ «ደሴ ወጥቼ ብርድ ይዞኝ ወረድኩ።» ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ልዩነቱ ይሰማል፣ አልክድም። ግን የሐረጎን ዳገት የወጣችሁት በምንድን ነው? ጢም ባለ ሚኒባስ፣ መስኮቱ ድርግም ብሎ። አንድ ሰው ጣት የምታህል ቀዳዳ ሲከፍት «ኧረ ነፋስ ገባ፣ ዝጉት!» ይባላል። በኮሮና ጊዜ መስኮት ተከፍቶ ስንጓዝ ነፋስ የገደለው ሰው አላየሁም።

መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከሰሉ ፍም ከሆነና ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም። ቡና ላይ ያላችሁ ሰዎች ባንድነት ራሳችሁን ካመማችሁና ካዞራችሁ ዳማከሴ አትፈልጉ። ውጡ፣ ከሰሉንም አውጡ።

«ጭስ በሽታ ያባርራል።» ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው ከኅዳር 1911ዱ ወረርሽኝ ጀምሮ ነው። ያ በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ የዓለም ሕዝብ የፈጀው። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ1933 ስለሆነ በዚያን ጊዜ በነበሩት ሰዎች አልፈርድም። አሁን ባሉት እፈርዳለሁ። ሰፈር ማጽዳቱ ጥሩ ነው። ፕላስቲክና አሮጌ ጫማ አቃጥሎ ማጨሱ ግን አንድ ቫይረስ አያባርርም፤ በማግስቱ አስም ያለባቸውን ወደ እኛ ይልክልናል።

«ሳንባ ነቀርሳ በሲኒና በሳህን ይተላለፋል።» ይኼኛው ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሰው ይጎዳል። አንዲት እናት መድኃኒት ከጀመሩ ወራት አልፏቸው ነበር። ቤተሰቡ ግን አሁንም ለብቻ ሲኒ፣ ለብቻ ሳህን አድርጎላቸዋል። ቡና ሲፈላ ከበር አጠገብ ነው የሚቀመጡት። የሚገርመው፣ መድኃኒቱን ከመጀመራቸው በፊት ልጆቹ ሁሉ ከእሳቸው ጋር አንድ መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ያድሩ ነበር፣ ያኔ የሰጋ የለም። በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው። መድኃኒቱ በትክክል ከተወሰደና ከሠራ፣ አብዛኛው ታማሚ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ማስተላለፍ ያቆማል። ስለዚህ ሲኒውን መልሱላቸው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ደግሞ «የብርድ ነው» እያለ አይቀመጥ፤ አክታውን ያስመርምር። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው።

«የሺሻው ውሃ ጀርሙን ያጣራዋል።» አያጣራም፤ ቱቦው ከአፍ ወደ አፍ ነው የሚዞረው።

«አረቄ ጉሮሮ ላይ ያለውን ይገድላል።» የሚገድለው ሌላ ነገር ነው።

«አሞክሳሲሊን ስጡኝ፣ ጉንፋን ነው።» አሞክሳሲሊን ቫይረስ አይነካም። ከጎረቤት የተረፈውንም አትዋጡ።

«ኩፍኝ ልጅ ሁሉ ያልፍበታል።» የሚያልፍም፣ የማያልፍም አለ። በጥር ሠርግ ድንኳን ውስጥ ሕፃናት አብረው ሲተኙ አያለሁ፣ ያስፈራኛል። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ይሰጣል። ሁለተኛው የሚረሳው ብዙ ነው፤ ካርዱን አውጥታችሁ እዩት።

የመጨረሻው፦ «ካልሄድኩ ይቀየሙኛል።» ትኩሳት ይዞት፣ አፍንጫው እየፈሰሰ፣ ሠርግ ሄዶ የሙሽራዋን አያት አገላብጦ የሚስም ሰው አለ። ይሉኝታ ነው። እትዬን ከመሳም ስልክ ደውሉላቸው። ሳምንት ያህል ቤታችሁ ቆዩ። ቅልቅሉ ላይ ትደርሳላችሁ።