«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች»

አምና ክረምት ለገጣፎ ካለው ቤቴ ለቅሶ ሄጄ ሁለት ቀን ቆየሁ። ስመለስ የጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ወደ እኔ ተጠግቷል። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ አዲስ ጉድጓድ ውስጥ ቆመዋል፤ በሥራቸው ያለው አፈር ገና እርጥብ ነው። የተወሰደብኝ መሬት ስፋቱ ሁለት ጫማ ቢሆን ነው። ጎመን እንኳ በወጉ አይበቅልበትም። ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ለሰፈራችን አንድ አዛውንት ብነግራቸው፣ «አይ ልጄ፣ ያንተማ የጭብጦዋ ነገር ነው» ብለው ይህን ተረት ተረቱልኝ።

ጭብጦ በእጅ ተጨብጦ የሚጋገር ትንሽ ዳቦ ነው፤ ስሙም የመጣው ከመጨበጥ ነው። የእረኛና የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ ቢበሉት ለአንድ ጊዜ ነው። በቅሎ ግን የባለማዕረግ መቀመጫ ነበረች፤ ያላት ሰው ይከበራል። እንግዲህ ተናጋሪው ምን እያለ ነው? በቅሎዬ ዳኛ ፈርዶባት ብትሄድ እችለዋለሁ፤ ጭብጦዬን ማንም ሳይፈርድ ቢነጥቁኝ ግን ያንገበግበኛል። «በፍርድ» በሚለው ፈንታ «በሕግ» የሚሉም አሉ።

ተረቱ የድሮው ችሎት ልጅ ይመስለኛል። ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። ሲሟገቱም ይወራረዳሉ፤ አንዱ ማር እሰጥ ሲል ሌላው በቅሎ እሰጥ ይላል። ዛሬ «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ስለዚህ በቅሎ በፍርድ መሄዷ ለዚያ ዘመን ሰው በዓይኑ የሚያየው ነገር ነበር።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ የአገሮችን የድንበር ክርክር ሳነብ ጭብጦዋ ትዝ ትለኛለች። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 33 አገሮች ሲጣሉ በድርድር፣ በሽምግልና፣ በግልግል ዳኝነት ወይም በፍርድ ቤት ጨርሱት ይላል። የሰፈር ሽማግሌም ቢሆን ሌላ አይልም። ዘ ሄግ ያለው የዓለም ፍርድ ቤት 15 ዳኞች አሉት፤ ፖሊስ ግን የለውም። አንዱ አገር ሌላውን በግድ ጎትቶ አያቀርብም። አስቀድመው በውልም ይሁን በመግለጫ ሁለቱም እሺ ያሉ መሆን አለባቸው።

ናይጄሪያና ካሜሩን በባካሲ የተነሳ ተጣልተው ነበር። ባካሲ ዓሣ የሞላባት፣ ነዳጅም አለባት የምትባል ልሳነ ምድር ናት። አብዛኛው ነዋሪ ናይጄሪያዊ ነበር። ካሜሩን በ1994 እ.ኤ.አ. ከሰሰች። በ2002 ፍርድ ቤቱ የ1913ቱን የእንግሊዝና የጀርመን ውል ጭምር አይቶ ለካሜሩን ፈረደ። ናይጄሪያ ሰፊ አገር፣ ትልቅ ጦር ያላት ናት። አልቀበልም ብትል ማን ያስገድዳት ነበር? መጀመሪያ ላይ አንገራገረች። የዚያን ጊዜው የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን መሐል ገብተው አነጋገሩ። በ2006 ጦሯን ማስወጣት ጀመረች፤ በነሐሴ 2008 ጨርሳ አስረከበች። በቅሎዋ በፍርድ ሄደች። ቤታቸውን ጥለው የወጡ የባካሲ ሰዎች ግን አልቅሰዋል። ተረቱም በፍርድ የሄደች በቅሎ አታሳዝንም አላለም፤ የትኛዋ ይበልጥ እንደምታሳዝን ብቻ ነው የተናገረው።

የእኛው ይከብዳል። ኢትዮጵያና ኤርትራ በድንበር ከተዋጉ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2000 እ.ኤ.አ. አልጀርስ ላይ ድንበሩን የሚዳኝ ኮሚሽን እንዲቋቋምና ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ እንዲሆን ፈረሙ። ሚያዝያ 2002 ውሳኔው ሲወጣ ጦርነቱ የተጫረባት ባድመ ወደ ኤርትራ ወደቀች። በዚያ ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው በ2018 ነው። 16 ዓመት ሙሉ ሁለት ጦር ተፋጦ ቆመ። ልጁን እዚያ የቀበረ አባት «በፍርድ ነው የሄደው» ቢሉት የሚጽናና አይመስለኝም። ቢሆንም ዳኛውን መርጠን፣ ፈርመን የገባንበት ችሎት ነበር። በቅሎዋን ያን ያህል ዘመን ከልጓሟ ይዘን መጎተት አልነበረብንም ባይ ነኝ።

ወደ አጥሩ ልመለስ። ሦስት ሽማግሌዎች ካርታና ሜትር ይዘው መጡ። ከመለካታቸው በፊት እኔንም ጎረቤቴንም «የፈረድነውን ትቀበላላችሁ?» አሉን። ሁለታችንም እሺ አልን። ከፊት ለፊት እኔ ትክክል ነበርኩ፤ አጥሩ ይመለስ ተባለ። ከጓሮ ሲለኩ ግን ኩሽናዬ ወደ ጎረቤቴ ይዞታ አንድ ሜትር ገብታ ተገኘች። ትፍረስ አሉ። ከተወሰደብኝ የሚበልጥ ነው የሄደብኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ ዶማውን ይዞ መጣ። ጭቃውን እሱ አፈረሰ፣ ማገሩን እኔ ነቀልኩ። ጥቀርሻ የጠገበውን የምድጃ ድንጋይ ተሸክመን ወደ ፊት ለፊት አዞርነው። የዚያን ሌሊት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አደረ አሉ። እኔ አልሰማሁም፤ ተኝቼ ነበር።